ደሙ የለም ያለውን መቅኒው አለ

ሁለቱም ወባ ታመዋል። በደማቸው የተገኘው ተሕዋስ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ነው። ነገር ግን ለአርባ ዓመት በሕክምና መጻሕፍት ሲጻፍ በኖረው መሠረት ሁለቱም ቫይቫክስ የማይደፍራቸው ሰዎች ነበሩ።

ታማሚዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ያመማቸው ተሕዋስ በዘረመል ደረጃ ተመርምሮ ውጤቱ በ2016 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከጸሐፊዎቹ አንዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲው ደለነሳው የኋላው ናቸው። ከስሞቹ መጨረሻ የሰፈረው ደግሞ ሉዊስ ሚለር ነው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ቫይቫክስ አይዛቸውም የሚለውን ለዓለም ያስረዱት ራሳቸው ሚለር ናቸው፤ በ1976። አንድ ተመራማሪ በጎልማሳነቱ የዘጋውን ጉዳይ ከአርባ ዓመት በኋላ ራሱ ሲከፍተው ማየት ብርቅ ነው። ይህን ታሪክ እንድከተል ያደረገኝም ያ ስም ነው።

ለመከተል ግን ከወባ መጀመር አይቻልም። መነሻው በአንድ ሰው ደም ውስጥ የተገኘ አንቲቦዲ ነው።

በ1950 ለንደን ውስጥ ሄሞፊሊያ ያለበት፣ ማለትም ደሙ ቶሎ የማይረጋለት፣ ዳፊ የተባለ ታካሚ ነበር። በሕመሙ ምክንያት ደም ደጋግሞ ተሰጥቶታል። ከመጨረሻው በኋላ ግን ሰውነቱ ቢጫ እየሆነ መጣ። ማሪ ከትቡሽ፣ ፓትሪክ ሞሊሰንና ዶሮቲ ፓርኪን ሲመረምሩት የገዛ አካሉ ከሌላ ሰው የተሰጠውን ደም እያጠቃ ነበር። የሚያጠቃበት መሣሪያ አንቲቦዲ ነው፤ በእኛ አጠራር ፀረ እንግዳ አካል። ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት ይሠራዋል፤ እሱም ያንን እንግዳ ነገር ብቻ ለይቶ ይጣበቅበታል።

የታካሚው አንቲቦዲ ከብዙ ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ጋር ይጣበቃል፤ ከአንዳንዶቹ ጋር አይጣበቅም። ከዚያ በላይ የታወቀ ነገር አልነበረም። ምን ላይ እንደሚጣበቅ፣ ያም ነገር ለሕዋሱ ምን እንደሚሠራለት የሚናገር አልተገኘም። ሦስቱ ተመራማሪዎች አዲስ የደም ዓይነት ማግኘታቸውን አሳወቁና በታካሚው ስም ዳፊ አሉት። በዓመቱ በርሊን ውስጥ ከአንዲት እናት ደም ሁለተኛ አንቲቦዲ ተገኘ፤ የመጀመሪያው የማያውቃቸውን ሕዋሳት የሚያውቅ። በአንዱ ወይም በሌላው የማይያዝ አውሮፓዊ እምብዛም ስላልነበረ በሁለቱ አንቲቦዲዎች የሰው ልጅ ሁሉ የሚመደብ መሰለ።

በ1955 ሩት ሳንገርና ባልደረቦቻቸው በኒውዮርክ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ደም መረመሩ። ከሦስት ሁለት ያህሉን አንዱም አንቲቦዲ አልያዘውም። ዳፊ-አልባ የሚባለው ደም የታወቀው ያኔ ነው። የደም ባንክ ሰዎች መዘገቡት። ምክንያቱን ግን ሃያ ዓመት ያህል የሚያስረዳ አልተገኘም።

ሚለር የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆነው ኖውለሲ የተባለውን የጦጣ ወባ ከሰው ቀይ የደም ሕዋስ ጋር በላቦራቶሪ አገናኙት። ተሕዋሱ ዳፊ ያለባቸውን ሕዋሳት ወረረ፤ ዳፊ-አልባዎቹን ግን አልቻለም። የበለጠ የሚደንቀው ቀጣዩ ሙከራ ነው። ዳፊ ያለባቸው ሕዋሳት አስቀድመው በዳፊ አንቲቦዲ ሲሸፈኑ ተሕዋሱ እነሱንም ለመውረር ተቸገረ። እስከዚያ ቀን የደም ዓይነት መለያ ብቻ የነበረው አንቲቦዲ፣ የተጣበቀበት ቦታ ወባ የሚይዘው ቦታ መሆኑን መሰከረ። ይህ በ1975 ወጣ። በዓመቱ ቫይቫክስ በያዛቸው ትንኞች ለመነከስ የፈቀዱ የ17 ሰዎችን፣ የ11 ጥቁሮችና የ6 ነጮችን፣ ደም መረመሩ። ያልታመሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ዳፊ-አልባ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ፋልሲፋረም የተባለው ሌላው የወባ ተሕዋስ እንዲያ ሲያጠፋ ቫይቫክስ የማይታየው ለምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ዳፊ-አልባ ነው።

በዚያው በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን በእንግሊዝ ሌላ ነገር ሠርተው ነበር። የአይጥን አንቲቦዲ ሠሪ ሕዋስ ከማይሞት የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚያመርት ሕዋስ አገኙ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪ አንቲቦዲ ለማግኘት ደም ደጋግሞ የተሰጠውን ታካሚ መጠበቅ ቀረለት። በ1987 በዚህ መንገድ ለዳፊ የተሠራ የአይጥ አንቲቦዲ ይፋ ሆነ። ኤፍዋይ6 የተባለውን የፕሮቲኑን ክፍል ይይዛል። ዳፊ ያለበትን ሰው ሁሉ ሕዋስ፣ ዓይነቱ የለንደኑ ይሁን የበርሊኑ ሳይለይ ያገኘዋል። ዳፊ-አልባውን አይነካም። በ1989 ደግሞ ይኸው አንቲቦዲ ራሱን ቫይቫክስን ከሕዋስ እንዳይገባ ማገዱ በላቦራቶሪ ታየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ አልታወቀም ነበር። ታካሚው ከተመረመረ አርባ ሦስት ዓመት ሞላ። በ1993 ሪቻርድ ሆሩክ፣ ሚለርና ሌሎችም መልሱን ይዘው መጡ፤ ዳፊ የኬሞካይን ተቀባይ ነው። ኬሞካይኖች በቆሰለ ወይም በተመረዘ የሰውነት ክፍል የሚለቀቁ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ስፍራው የሚጠሩ ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ተቀባዮቻቸው በሕዋስ ሽፋን ላይ ሆነው ይይዟቸዋል፤ ለሕዋሱም መልእክቱን ያስተላልፋሉ። ዳፊ ግን ይይዛል እንጂ እንደ ሌሎቹ አያስተላልፍም፤ በደም ውስጥ የሚዞረውን ኬሞካይን ሰብስቦ ያቆያል። ኢንተርሉኪን 8 የተባለው ኬሞካይን ዳፊ ላይ ሲቀመጥ የጦጣው ወባ የሚይዘው አጣ። ፕሮቲኑ 336 አሚኖ አሲድ አለው፤ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ይሰፋዋል፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ኬሞካይኑም፣ ቫይቫክስም፣ አንቲቦዲዎቹም የሚሻሙት ያንን ጫፍ ነው። የለንደኑንና የበርሊኑን ዓይነት የሚለያየው 42ኛው አሚኖ አሲድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በ1995 የፓሪስ ተመራማሪዎች ዳፊ-አልባ የሚያደርገውን አገኙ። የፕሮቲኑ ጂን ሙሉ ነው፤ አንዲት ፊደል ያልጎደለችበት። የተለወጠችው ከጂኑ ፊት ያለች አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ነች፤ ቲ የነበረችው ሲ ሆናለች። ያቺ ቦታ ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው ሥርዓት ጂኑን የሚያነሣበት ቦታ ነበረች። ስለዚህ ዳፊ-አልባ የሚባለው ሰው በደም ሥሩ ግድግዳ ሕዋሳት ላይ ዳፊ አለው። ያጣው በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ብቻ ነው። አንባቢ ይህችን ነጥብ ይያዝልኝ፤ ሳይንሱ ራሱ ለሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ክብደቷን አላየላትም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ዳፊ-አልባ ነው፤ የእስያ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ዳፊ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ቫይቫክስም ከወባ ሕመማችን ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት ሁለት ተሕዋስያን አንዱ ነው። ይህን አስቀድሞ ያየ አርምስትሮንግ የተባለ ተመራማሪ በ1978 ቫይቫክስ በኢትዮጵያ ማንን እንደሚይዝ ጽፏል፤ በ1981 ደግሞ ከማቲውስ ጋር የዳፊ የደም ዓይነቶችን ከቫይቫክስ ጋር አያይዞ አጥንቷል። ያኔ ዳፊ ያለበት ሰው ይታመማል፣ ዳፊ-አልባው አይታመምም የሚለው እንደ ሕግ ይታይ ነበር።

ሕጉ በ2010 በማዳጋስካር ተሰበረ። ዲዲዬ ሜናርና ባልደረቦቹ በዳፊ-አልባ ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ አገኙ፤ ታመው ሐኪም ቤት የመጡም ነበሩ። በ2013 ከኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሪፖርት ወጣ። በ2015 ዩጂኒያ ሎ፣ ደለነሳው የኋላውና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ዳፊ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን አነጻጸሩ። ዳፊ-አልባው ይያዛል፤ በደሙ የሚታየው ተሕዋስ ግን ጥቂት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲፈለግ የሚያመልጠው እንዲህ ያለው ነው።

እነዚያ ሁለት ታማሚዎች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ተሕዋሱ ዳፊን ሳይዝ እንዴት ገባ? ቫይቫክስ ዳፊን የሚይዝበት የራሱ ፕሮቲን አለው። ምናልባት ይህ ፕሮቲን ተለውጦ ሌላ ነገር መያዝ ጀምሮ ይሆን? ተመራማሪዎቹ ከሁለቱ ታማሚዎች ተሕዋስ የፕሮቲኑን ጂን ወስደው ፕሮቲኑን ሠሩና ከዳፊ-አልባ ሕዋስ ጋር አገናኙት። አልያዘም። ነገር ግን ያልጠበቁትን አገኙ፤ በአንዱ ታማሚ ተሕዋስ የዚህ ፕሮቲን ጂን ሦስት ቅጂ፣ በሌላው ስምንት ቅጂ ነበረው። ስለዚህ ተሕዋሱ አንድ ሌላ ተቀባይ በደካማ እጅ ይይዝ ይሆናል ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ላቦራቶሪ ያንን ሌላ ተቀባይ ፍለጋ ወጣ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለተጂ ሰው ምኑ ነው የሚል ይኖራል። ተጂ ሰበታን አልፎ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የበቾ ሜዳ ከተማ ናት። በጤና ባለሙያው አነጋገር ከወባማው ወሰን ላይ ነች።  ወባ ግን ባልተጠበቀ ዓመት ይህን ወሰን ያልፈዋል። በ1958 አገሪቱን የመታው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን ሲገድል፣ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ደጋማ አገር ነበር። ከዚህ መንገድ ዳር ተነሥቶ ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ጎልማሳ ቫይቫክስን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሣ ተሕዋስ ነው። ለዚህ ነው ክሎሮኪን ብቻውን የማይበቃው፤ ጉበት ያለውን ለማጥፋት ፕሪማኪን የሚታዘዘው።

አንቲቦዲ ራሱም ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከብት ምን ታሞ እንደነበር በደሙ ውስጥ አንቲቦዲ እየፈለገ ያውቃል። ኢትዮጵያ በ2008 ከከብት ደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ ሲመሰከርላት ከማስረጃዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ የደም ምርመራ ነበር። በጤና ኬላ ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም የሚንጠባጠብባት የወባ ፈጣን መመርመሪያም መስመሮቿ ላይ የተቀመጠው አንቲቦዲ ነው፤ የተሕዋሱን ፕሮቲን ይዞ ቀለም ያወጣል። እሱም ቢሆን የሚመሰክረው ስለተጠየቀው ነገር ብቻ ነው። በ2021 የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ አንዳንድ የፋልሲፋረም ተሕዋስያን አንቲቦዲው የሚፈልገውን ፕሮቲን ጂን ጥለው መገኘታቸውን አሳይቷል። ታማሚው ወባ አለበት፤ መስመሩ አይወጣም።

የዳፊም እንቆቅልሽ የተፈታው ጥያቄው ሲቀየር ነው። ከ1950 ጀምሮ አንቲቦዲው በአብዛኛው የተፈተነው ከክንድ በተቀዳ ደም ላይ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ግን በደም ሥር አይወለድም። በአጥንት መቅኒ ውስጥ ኒውክሊየስ ያለው ሕዋስ ሆኖ ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ይበስላል፤ ኒውክሊየሱን ይጥላል፤ ከዚያ ነው ወደ ደም የሚወጣው። ቫይቫክስ ደግሞ የበሰለ ሕዋስ አይወድም፤ የሚወረው ገና ለጋውን ነው።

በ2023 በአንድ መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች ወጡ፤ አንዱ የሜናር ቡድን፣ ሌላው በክሪስቶፈር ኪንግ ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ሥራ። ሁለቱም በመብሰል ላይ ያሉትን የዳፊ-አልባ ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳት በዳፊ አንቲቦዲ መረመሩ። ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ላይ አንቲቦዲው ተጣበቀ። ሰባ ዓመት ያህል የለም የተባለው ፕሮቲን አለ። ለአጭር ጊዜ ይወጣል፤ ሕዋሱ በስሎ ወደ ደም ሳይገባ ይጠፋል። ገበያ የወጣ ሽምብራ አበባ የለውም፤ በቾ ማሳ ላይ ሳለ ግን አብቦ ነበር። ቫይቫክስም እነዚህን ሕዋሳት በላቦራቶሪ ሲሰጡት ገባባቸው፤ ከየትም አገር የመጣ ተሕዋስ ቢሆን።

ለእኔ የዚህ ታሪክ እውነተኛ ከፍታ እዚህ ነው። ሌላ ተቀባይ ሲፈለግ በኖረበት ጊዜ ሁሉ፣ ያው አሮጌው ተቀባይ በሌላ ቦታ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የ1976ቱ ሙከራም ውሸት አልነበረም፤ ደም ላይ ያየውን በትክክል ተናግሯል። በ2015ቱ ጥናት የታየው የተሕዋስ ማነስም ትርጉም አገኘ። ተሕዋሱ መቅኒ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ደም የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ከሆነ፣ ስላይድ ላይ መፈለግ የሚያደክመው ለዚያ ነው። የሜናር ቡድን እንደጻፈው፣ ብዙ ዳፊ-አልባ ሰዎች ሳይታወቅ ቫይቫክስን በውስጣቸው የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ግኝት የሚቆመው አንቲቦዲው ሲታመን ነው። አንቲቦዲ ሌላ ፕሮቲን ላይ በስሕተት ሊጣበቅ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የወደቁ ጥናቶች በዓለም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪ አዲስ የዳፊ አንቲቦዲ ሲገዛ ወይም ሲሠራ ፕሮቲኑ ባለበት ሕዋስ ላይ መጣበቁን፣ በሌለበት ላይ አለመጣበቁን ይፈትናል። የዳፊ ነገር የሚለየው፣ የለም ለሚለው ፈተና ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የዳፊ-አልባ ሰው ደም መሆኑ ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም ዛሬም ለዚህ ይሆናል፤ የበሰለው ሕዋስ በእርግጥ ዳፊ የለውም። መቅኒው ግን ከእንግዲህ ለማነጻጸሪያ አይሆንም። በአንድ አንቲቦዲ ብቻ መተማመንም አይበቃም። ከአይጦቹ ሌላ በ2010 ከባለ አንድ ሻኛ ግመል ለዳፊ የተሠራ አንቲቦዲ ታትሟል። የግመል አንቲቦዲ ከአብዛኞቹ እንስሳት የተለየ አሠራር ስላለው፣ የሚይዘው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ሲወጣ ከመደበኛው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር የሚያውቀው እንስሳ በደም ሳይንስ እንዲህ ያለ ቦታ መያዙ ደስ ይለኛል።

ዳፊ-አልባነት ከወባ ውጭም የሚያስከትለው ነገር አለ። በ2009 የወጣ ጥናት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመደውን ዝቅ ያለ የኒውትሮፊል ቁጥር ከዚያችው አንዲት ፊደል ጋር አያይዞታል። ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ተብሎ መድኃኒት ሊቀነስበት ወይም ለተጨማሪ ምርመራ ሊመላለስ ይችላል። የኢትዮጵያ ሐኪም የውጭ አገር መመዘኛ ቁጥር ከፊቱ ሲያስቀምጥ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ።

የቀረው የክትባት ነገር ነው። ተሕዋሱ በዳፊ-አልባ ሰውም ዳፊን የሚጠቀም ከሆነ፣ ዳፊን የሚይዝበትን ፕሮቲን የሚያግድ ክትባት ለአፍሪካም ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክትባት በኦክስፎርድ በፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ በ2023 በወጣው ውጤት የቫይቫክስን መራባት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ከሰውነት የሚፈለገው አንቲቦዲ እንዲሠራ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱ ኢትዮጵያውያን ተሕዋስ ተመልሶ ይመጣል። በ2019 የዩጂኒያ ሎ ቡድን ያ የጂን ቅጂ መብዛት በኢትዮጵያ ቫይቫክስ ዘንድ የተለመደ መሆኑን አሳየ። በ2020 ደግሞ ከካምቦዲያ በተገኙ ተሕዋስያን ላይ በተሠራ ጥናት፣ ቅጂው የበዛለት ቫይቫክስ ይህን ፕሮቲን ከሚያግዱ የሰው አንቲቦዲዎች በተሻለ እንደሚያመልጥ ታየ። ሦስቱና ስምንቱ ቅጂ እንግዲህ ወደ ዳፊ-አልባ ደም መግቢያ መንገድ ሳይሆኑ ከአንቲቦዲ ማምለጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ለኢትዮጵያ የሚታሰብ የቫይቫክስ ክትባት አስቀድሞ በእነዚህ ቅጂያቸው በበዛ የራሳችን ተሕዋስያን ላይ መፈተን አለበት።